ኪሩ ሚዛን ላይ የወጣ ዕለት

ለእናቴ ልጅ ለፍሬሕይወት፣ ኩዌት ላለሽው፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ይይዝሻል? ማዳምሽስ ጠባያቸው እንዴት ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? እህል ይስማማሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። አዳማም እንደምታውቂያት የግንቦት ሙቀቷንና አቧራዋን ይዛ ቁጭ ብላለች። ቀልቤሳ ደህና ነው፤ ሀዊ ደህና ናት፤ ኪሩም ደህና ነው። ኪሩ ደህና ነው ያልኩሽ ለደብዳቤ ወግ አይደለም። አሁን ይህን ስጽፍ ከሀዊ ጋር በር ላይ ብይ ይጫወታሉ፤ ጩኸታቸው ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው። ስለዚህ ልብሽን አሳርፈሽ አንብቢኝ።

እሁድ ዕለት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠርቅመሽብኛል። ታላቅሽ ነኝና ሌላ ጊዜ ቢሆን አኩርፌ ወር እከርም ነበር፤ መቼም ጠባዬን ታውቂዋለሽ። የአሁኑ ግን የሚያኳርፍ አይደለም። አማትሽ እማማ አሳየች ከወንጂ ደውለው «የልጄን ልጅ በረሃብ ጣሉት፤ ትምህርት ቤት ሲመዝኑት ወደቀ» እንዳሉሽ ገብቶኛል። እናት ነሽና ብትጮኺ አልፈርድብሽም። ግን እኔን አንድ ቃል ሳታስጨርሺ «እንግዲያው ይውሰዱት» ብለሽ ዘጋሽ። እማማም ያቺን ቃል ይዘው፣ ለፊታችን እሁድ ሽማግሌ አስከትለው ልጁን ሊወስዱ እንደሚመጡ ልከውብናል። ከዚያ በፊት ነገሩን ከሥሩ ማወቅ አለብሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ አታነሺልኝም፤ ብታነሺም ያንቺ ድምፅ ሲሰማ ኪሩ ከጎኔ አይጠፋም። ጎረቤታችን ዙለይካ ዕረፍቷን ጨርሳ ነገ ወደ እናንተ ስለምትበር፣ ዓርብ ስትገናኙ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ ከኪሩ ትምህርት ቤት መልእክት መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጥናት መጥተው የአራተኛ ክፍል ልጆችን ክብደትና ቁመት ይለካሉ፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊም ቀርቦ ልጁን እንዴት እንደሚመግብ ይጠየቃል ተባለ። ሰፈሩ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «እርዳታ ሊያድሉ ነው፤ ቤታችን ባዶ ነው በሉ» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ልጁ ከስቶ የተገኘበትን ወላጅ መንግሥት ስሙን ይይዘዋል» አለ። አንዷ ጎረቤታችን ልጇ ጠውልጎ እንዲታይላት ያን ሰሞን ወተት ከለከለችው፤ ሌላዋ የቆቃ ዓሣ እየጠበሰች የልጇን ፊት ዘይት በዘይት አደረገችው። እኔ በሁለቱም ስቄባቸዋለሁ። እንዲያውም ጠይቁኝ እያልኩ ነበር፤ በልጅ አመጋገብ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም ብዬ አምን ነበር።

ፍሬ፣ የአደራ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ እዚያ ሆነሽ አይታይሽም። የኔ ልጅ ሀዊ ብትከሳ «ምን ነካት?» ይባላል፤ ያልፋል። ኪሩ ቢከሳ ግን «እናቱ በሰው አገር ደክማ የምትልከውን አክስቱ እየበላችው ነው» ነው የሚባለው። አፍ አውጥቶ የሚነግረኝ የለም፤ ዓይናቸው ግን ከልጁ ጉንጭ ላይ አይነሳም። ስለዚህ ከመጣ ጀምሮ እኛ ሦስታችን ከአንድ ትሪ ስንበላ ለእሱ ለብቻው ሰሃን ነው የማቀርበው። እንቁላሉም፣ ሥጋውም፣ የተገኘው ሁሉ ወደዚያ ሰሃን ይሄዳል፤ ካልጨረሰም አይነሳም። ሰው ከመጣማ ሰው እያየ እጨምርለታለሁ። አንድ ቀን ሀዊ «እማዬ፣ እኔስ ከእሱ ሰሃን ለምን አልበላም?» ብትለኝ «እሱ እንግዳ ነው» አልኳት። ኪሩ አጠገባችን ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

የተባለው ሐሙስ ደረሰና ከምሠራበት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈቃድ ለምኜ ሄድኩ። የስፌት ክፍል አለቃችን ፊቷን ብታጠቁርም እስከ ምሳ ሰዓት ፈቀደችልኝ። ጠዋት ኪሩ ጨጨብሳውን እስከ መጨረሻው ጠርጎ፣ ሀዊ የተወችውንም ጨምሮ በላ። ዛሬ ልጄ አኮራኝ አልኩ በሆዴ። ትምህርት ቤት ስንደርስ እሱ ወደ ሰልፉ ሄደ፤ እኔን ወደ አንድ ክፍል አስገቡኝ።

የጠየቀችኝ ኢፍቱ የምትባል ልጅ ናት። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ «አካም ጅርቱ» ብላ ከመቀመጫዋ ተነስታ የተቀበለችኝ። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነብልሻለች፤ አንቺ ፈጽሞ አልስማማም ከሚለው ጀምሮ በጣም እስማማለሁ እስከሚለው ድረስ አንዱን ትመርጫለሽ። ልጄ ሰሃኑ ላይ ያለውን ሁሉ መጨረስ አለበት። በጣም እስማማለሁ አልኩ። አልራበኝም ቢልም እንዲበላ አደርገዋለሁ። በጣም እስማማለሁ። ልጄ ከመጠን በላይ እንዳይወፍር እሰጋለሁ ስትል ግን ሳቄ አመለጠኝ። በእኛ ሰፈር እኮ ልጅ ወፈረ ማለት ምርቃት ነው አልኳት። እሷም ፈገግ አለች። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ነደደኝ። ምን ያህል እወደዋለሁ፣ ምን ያህል እፈራለታለሁ የሚል ጥያቄ የላቸውም፤ ልጁ የእህቴ ነው፣ ባይጨርስ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ብነግራትም ይህን የሚይዝ መልስ ከምርጫዎቹ ውስጥ አልነበረም። ሰምታኝ ወደሚቀጥለው አለፈች። ልጅዎ እንዲበላ ሲሉ የሚገቡለት ቃል አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። እውነቴን ነበር፤ እኔ ቃል የገባሁለት ነገር የለም። ይህን እያልኩ ሳለ ከግቢው ጩኸት ተሰማ።

ሚዛኑን ያቆሙት ከግቢው መካከል ካለው ዛፍ ሥር ነበር። ስደርስ ኪሩ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መምህሩ ግንባሩን ደግፈው ይዘውታል፤ ያስመልሰዋል። ጠዋት የበላው ወጥቶ አልቆ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ብቻ ነው። ዓይኑ ይዋልላል፤ ስሙን ስጠራው ቶሎ አይመልስልኝም። ፍሬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የታየኝ ልጁ አልነበረም። አንቺ ነሽ። ምን ብዬ ነው የምነግራት አልኩ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የክፍሉ ልጆች ናቸው የነገሩን። ከጠዋቱ ሰልፍ ጀምሮ ከቧንቧው ሥር አልተነሳም። የሃይላንድ ጠርሙሱን ሞልቶ ይጠጣል፣ ደግሞ ሞልቶ ይጠጣል። ሆዱ እስኪወጠር ጠጥቶ ተራው ሲደርስ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ቁጥሩ እስኪነበብ ጥርሱን ነክሶ ቆመ፤ ከወረደ በኋላ ነው የወደቀው።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ኢፍቱም ጥያቄዋን እዚያው ጥላ አብራን መጣች። ሐኪሟ ይህን ያህል ውሃ ባንዴ መጠጣት ለልጅ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ነግራን ቆጣ አለችብኝ። አስተኝተው ሲከታተሉት ዋሉ። ሥራዬም በዚያው ቀረ። ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ተመለሰ፣ መናገርም ጀመረ። ኢፍቱ ልታጽናናው ብላ አይዞህ፣ ሲሻልህ ሌላ ቀን እንደገና እንመዝንሃለን አለችው። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

«የመጀመሪያውን ጻፊልኝ፤ አትቀይሪው» አላት።

ለምን ብትለው እኔን ሽቅብ አየኝና ወደ እሷ ዞሮ «እናቴ ወፍሬ ካላገኘችኝ አትመጣም። ራሷ ናት ያለችኝ» አለ።

አስታወስሽው? በስልክ ፊቱን ባየሽው ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ዋ! ወፍረህ ካላገኘሁህ አልመጣም» ትዪዋለሽ። ቀልድ ነው። ሰው ሁሉ ልጁን እንዲህ ይለዋል፤ ነፍሷን ይማረውና እናታችንም ለገበያ ስትወጣ ሳትጨርሱ ብመለስ ወዮላችሁ ትለን ነበር። እኔ ራሴ አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ጊዜ አብሬሽ ስቄያለሁ። እሱ ግን አልሳቀም ነበር። በጥምቀት ትመጣለች ሲባል አልመጣሽም። በፋሲካ ሲባልም አልመጣሽም። ምክንያቱን የነገረው ሰው ስለሌለ ምክንያቱን ራሱ አገኘው። ገና አልወፈርኩም ብሎ አሰበ። እኔም ሳላውቅ ያንን ሰሃን እየሞላሁ አገዝኩት። ሆዴን አመመኝ ሲል ዳማከሴ አጠጣውና ማታ ደግሞ አቀርብለት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ሳልገባ፣ ኢፍቱ ልትጠይቀው ቤት ድረስ መጣች። ውሃው ቢቀነስ እንኳ የልጁ ክብደት ለቁመቱ ከሚገባው ከፍ ያለ ነው እንጂ የጎደለው ነገር የለም አለችኝ። ይህን ለእማማም ነግሬያቸዋለሁ፤ አላመኑኝም። ከዚያ ኢፍቱ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «ለሀዊ ቢሆን እነዚያን ጥያቄዎች እንዴት ነበር የሚመልሷቸው?» አለችኝ። ሀዊ ሰሃኗን መጨረስ አለባት? ኧረ የለባትም። አልራበኝም ካለች? ትተወዋለች፤ ሲርባት ራሷ ድስት ከፍታ ትበላለች። እየመለስኩ ራሴን ሰማሁት። ለአንዷ እናት ነኝ፤ ለአንዱ ዘበኛ። ልጅቷ ምንም አልፈረደችብኝም፤ ሻይዋን ጠጥታ፣ ለኪሩ ኳስ እንደምታመጣለት ነግራው ሄደች። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ ላይ እንደ ሰው አልዋልኩም፤ አንድ ሸሚዝ ላይ እጅጌውን ገልብጬ ሰፍቼ ተቀጣሁ።

ቅዳሜ እማማ አሳየች ከች አሉ። ወሬው ወንጂ እስኪደርስ አብጦ ነው የደረሳቸው። ሸንኮራ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ገና በሩን ሳያልፉ የልጁን እጅ ይዘው አንጓውን በጣቶቻቸው ለኩት። የአብተው እጅ በዚህ ዕድሜው እንዲህ አልነበረም አሉና አለቀሱ። በክፉ አላይባቸውም። አብተው ከሞተ ወዲህ ከልጃቸው የቀረላቸው ይህ ብቻ ነው፤ ሲያዩት የሚያዩት አባቱን ነው። ኢፍቱ ያለችኝን ብነግራቸው እኔ ሚዛን አላምንም፤ አባቱን በእጄ ነው ያሳደግኩት አሉኝ። እኔም አፌን አልያዝኩም፤ በእጅ ማሳደግ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ነው ወይ አልኳቸው። ባሌ ቀልቤሳ ሊያበርድ ብሎ «እማማ፣ ልጁ እኮ ለበዓል የሚደለብ ሰንጋ አይደለም» ቢላቸው ባሰባቸው።

እኛ ስንከራከር ኪሩ ጥግ ይዞ ሸንኮራውን ይመጥጣል። አንዱን ጥሎ ሌላውን ያነሳል፤ እያንዳንዳችንን ተራ በተራ ያያል። ሀዊ ሆድህን ያምሃል ተው ብትለው አልሰማ አለ፤ ከእጁ ነጥቃ ደጅ ወረወረችው። ይህን ጊዜ እማማ ተነሱና ልጁን ወደ እቅፋቸው ሳቡት። ወንጂ ይምጣ፣ እኔ በሁለት ወር አወፍረዋለሁ አሉ። ኪሩ ቀና አለ።

«በሁለት ወር?» አላቸው።

እማማ አዎ የኔ ጌታ አሉት። እሱም እሄዳለሁ አለ። ፍሬ፣ እኔ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ልጁ እኔን ጠልቶ አይደለም፤ አያቱንም ስለመረጠ አይደለም። ወንጂ ቶሎ የሚወፈርበት አገር መስሎታል። ሁለት ወር ይበላል፤ ጉንጩ ይሞላል፤ ከዚያ በር በሩን ያያል። አንቺ አትመጪም። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም። ውሃውን የጠጣው ልጅ ነው።

ኮንትራትሽን ለሁለት ዓመት ማደስሽን እዚህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በጥር ነግረሽኝ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምለሽኛል፤ ጠብቄዋለሁ፤ ቀልቤሳ እንኳ አልሰማም። ያደስሽው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የልጁን ነገ ብለሽ ነው፤ ማንም እዚያ ለደስታው አይቀመጥም። ያልነገርሽውም እንዳያለቅስ ብለሽ ነው። እኔ ግን ከማልቀስ የባሰ አይቻለሁ፤ መሬት ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንቺ እዚያ ሆነሽ ይህን በማንበብሽ ልብሽ እንደሚሰበር አውቃለሁ፤ ብዙ ቦታ ላይ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ግን ሳልነግርሽ ብቀር የባሰ በደልኩሽ ማለት ነው።

እማማ ይውሰዱት ካልሽ ይውሰዱት። እሁድ ልብሱን አጥቤና አጣጥፌ እጠብቃቸዋለሁ። አንጀቴ ይቆረጣል እንጂ አልሟገትም፤ ልጁ ያንቺ ነው፤ ውሳኔውም ያንቺ ነው። ይቆይ ካልሽም ደስታዬ ነው፤ ለሽማግሌዎቹ ግን ራስሽ ንገሪያቸው፤ እኔ ብናገር የአደራውን ሲሳይ ላለማጣት ነው ይሉኛል። ወንጂ ሄደ አዳማ ቀረ፣ ያ ያልሽው ነገር ግን ከእሱ ጋር ነው ያለው። እሱን ከላዩ ላይ ማንሳት የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለዚህ እሁድ ጠዋት፣ እማማ ከመድረሳቸው በፊት ደውዪ። እኔን ማነጋገር ባትፈልጊ ግድ የለም። ስልኩን ለእሱ ሰጥቼ ሀዊን ይዤ ደጅ እወጣለሁ። በላህ ወይ ብለሽ አትጀምሪለት። ጉንጭህን አሳየኝም አትበዪው። ስለ ብዩ ጠይቂው፣ ስለ መምህሩ ጠይቂው፤ ከዚያ ለምን እንደማትመጪ፣ መቼ እንደምትመጪ ቁርጡን ንገሪው። ቢወፍርም ቢከሳም የመምጫሽ ቀን ያው እንደሆነ ንገሪው። ይጮህብሽ ይሆናል፤ ይጩህ። ስልኩን ይዘጋብሽ ይሆናል፤ ይዝጋው፤ እኔ አለሁ። እኔ ልነግረው እችል ነበር፤ ሁለቴ አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ። ከእኔ ከሰማው ግን ነገሩ እውነት መሆኑን ሳይሆን አንቺ የደበቅሽው መሆኑን ነው የሚይዘው።

እኔ በበኩሌ ከዓርብ ጀምሮ ያን ሰሃን አንስቼዋለሁ። ከእኛ ትሪ አብሮን ይበላል። የሰፈሩ ሰው የፈለገውን ይበል። እስካሁን አላመነኝም፤ ሀዊ ስትነሳ እሱ ቁጭ ብሎ የቀረውን ጠራርጎ ይጨርሳል፤ ተመልከቺኝ በሚል ዓይን ያየኛል። አላመሰግነውም፤ አልቆጣውምም። በቃኝ ሲል እስክሰማ እየጠበቅኩ ነው።

ቀልቤሳ ከእነ ድካሙ ከጋራዥ ገብቶ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብሎሻል፤ ስለ ሰንጋው የተናገረውንም በክፉ እንዳታዪበት ይላል። ሀዊ ጉንጭሽን ስማ፣ ጥርሷ መውለቁንና ኪሩን በብይ ማሸነፏን ንገሪያት ብላኛለች። የዙለይካ እናት ልጃቸውን እንደ እህትሽ እንድታዪላቸው አደራ ብለዋል። እዚያ ያሉ የአገር ልጆችን ሁሉ በእኔ ስም ሰላም በዪልኝ። እኔም ከነኩርፊያሽ ስሜሻለሁ፤ ወገብሽን ጠብቂ።

ኪሩ አሁን ገብቶ ትከሻዬ ላይ ተደገፈና ለማን ነው አለኝ። ወረቀቱን በእጄ ሸፍኜ ለእናትህ አልኩት። ምን ብዬ ልጻፍላት ብለው ኪሎዬን ጻፊላት አለኝ። ሌላስ ስለው እሱ ይበቃል ብሎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። አልጻፍኩልሽም።

እህትሽ ኮከብ
አዳማ፣ ረቡዕ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.